የእንጨት ሥራ በቤት ውስጥ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የእንጨት ሥራ ልጀምር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያ ነው። የትኛውን ድሪል ልግዛ? የቱ መጋዝ ይሻላል? ጀማሪን የሚያስመርረው ግን መሣሪያ አይደለም። እርጥብ እንጨትና ልክ ያልሆነ ማዕዘን ናቸው። ስለዚህ እዚህ ያሉት መልሶች ለነዚህ ሁለቱ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣሉ። ሳዘጋጃቸው ያሰብኩት አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ወይም በትንሽ ግቢ የሚኖር፣ ወርክሾፕ የሌለው፣ ቅዳሜና እሑድ ትንሽ ጊዜ የሚያገኝ ሰው ነው።

ምንም ልምድ የለኝም። በምን ልጀምር?

በጫማ መደርደሪያ። በር ላይ ጫማ የማይከመርበት ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሠራችሁት ነገር በዚያው ቀን ሥራ ይጀምራል። ቁርጡ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ የሚያይባችሁ የለም። መለካት፣ መቁረጥ፣ መብሳት፣ ማሰር፣ ማለስለስና ቫርኒሽ መቀባት ሁሉንም በአንድ ሥራ ትለማመዳላችሁ።

እንዲህ አድርጉት። 4 በ5 ሳ.ሜ. የሆነ ሞራሌ (ባለ አራት ጎን ረጅም እንጨት) ግዙ። ከሱ 45 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው አራት እግሮችና 30 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው ስድስት አግዳሚዎች ይወጣሉ። ድምሩ 3 ሜትር ከ60 ነው፤ ባለ 4 ሜትር አንድ ሞራሌ ይበቃችኋል። ለመደርደሪያው 8 ሳ.ሜ. ስፋትና 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ ያስፈልጋል። በ70 ሳ.ሜ. ዘጠኝ ቦታ ቁረጡት። ሁለት ባለ 4 ሜትር ጣውላ ይህን ያወጣል፤ ከየአንዳንዱም ትንሽ ይተርፋል።

በእያንዳንዱ ጎን ሁለት እግሮችን በሦስት አግዳሚ አያይዙ። አግዳሚዎቹ ከእግሮቹ በውስጥ በኩል ይሁኑ። ከዚያ በየደረጃው ሦስት ሦስት ጣውላ አግዳሚዎቹ ላይ አጋድሙ። በጣውላዎቹ መካከል 3 ሳ.ሜ. ክፍተት ተዉ። ሦስት ጊዜ 8 ሲደመር ሁለት ጊዜ 3፣ ልክ 30 ይመጣል። ለ42 ቁጥር ጫማ ይህ ጥልቀት በቂ ነው። ክፍተቱ አፈሩን ወደ ታች ያራግፋል፣ በክረምት የረጠበውንም ጫማ ያናፍሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። አራት ማዕዘን ነገር ብሎኑ ምንም ያህል ቢጠብቅ ወደ ጎን መወላገዱ አይቀርም። ከጣውላው የተረፉትን ሁለት ቁርጥራጮች በጀርባው በኩል፣ በግራና በቀኝ ማዕዘን፣ በሰያፍ ምቷቸው። መወላገዱ ወዲያው ይቆማል።

ቀጥሎስ?

የግድግዳ መደርደሪያ፣ ከዚያ ረከቦት፣ ከዚያ በርጩማ። መሳቢያ ያለው ነገር ለጊዜው ይቆይ።

ረከቦት ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ሥራ በጣም ደስ የሚል ነው። 60 በ40 ሳ.ሜ. የሆነ ገበታ፣ 25 ሳ.ሜ. ቁመት፣ ዙሪያውን ሲኒ እንዳይንሸራተት 3 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ ጠርዝ። በቃ። ችግሩ ሙቀትና ውሃ ነው። ከከሰል የወረደ ጀበና ቫርኒሹ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ነጭ ክብ ምልክት ይተዋል፤ ስለዚህ ማቶቱ ከረከቦቱ አይለይ።

የጅማን በርጩማ አይተው እሱን ልሥራ የሚሉም አሉ። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ወፍራም እንጨት ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ውበቱም እዚያ ላይ ነው፤ ምስማር የለውም፣ ኮላ የለውም። ግን የዓመታት እጅ ይጠይቃል። እናንተ ከክብ ጣውላና ከሦስት እግር ጀምሩ።

የግድ የሚያስፈልጉኝ መሣሪያዎች የትኞቹ ናቸው?

ሜትር፣ እርሳስ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ)፣ የእጅ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ካቻቪቴ፣ የብርጭቆ ወረቀት። ገንዘብ ካላችሁ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ጨምሩ። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት ለመጋዙና ለስኳድራው ጥሩውን እመርጣለሁ፤ በሌላው መቆጠብ ይቻላል። ደነዝ መጋዝ ጉልበት ከመጨረሱም በላይ መስመር ያስታል።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወርዱ ያገለገለ መላጊያና መሮ ታገኛላችሁ። የድሮ መላጊያ ብረቱ ጥሩ ከሆነ ዝገቱ አያስፈራም፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ልታዩ የሚገባው ስሩ ቀጥ ማለቱን ነው። ስኳድራ ወይም ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስጠግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። በመካከል ብርሃን ብዙ ከሾለከ ተዉት።

መሮ ሲገዛ ስለት የለውም ብላችሁ አስቡ፣ አዲሱም ቢሆን። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ባለ 400፣ ከዚያ 800፣ ከዚያ 1000 ወፍራም መስታወት ላይ ለጥፉ። ምላጩን በ25 ዲግሪ አካባቢ ይዛችሁ ሳሉት። የክንዳችሁን ጸጉር ከላጨ ደርሷል።

የትኛው እንጨት ይሻለኛል? ዋንዛ ነው የሚባለው።

ዋንዛ በርግጥ ድንቅ እንጨት ነው። ለመላግ ይታዘዛል፣ ብዙም አይጣመምም፣ መልኩም ያምራል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ውድ ነው። መለማመጃ የሚሆነው የፈረንጅ ጥድ ወይም ግራቪሊያ ነው። ሁለቱም ለስለስ ያሉ ናቸው፣ የሚተከሉም ስለሆኑ ሲገዙ ሕሊና አይከብድም።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ከተፈጥሮ ደናችን ተመናምነዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን አራቱን ዛፎች ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ዋንዛ ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከገበሬ ማሳ የተቆረጠ አለ፤ ከፈረሰ ቤትና ከአሮጌ ዕቃ የወጣም አለ። ለኔ ከሁሉ የሚሻለው አሮጌው ነው። የድሮ አልጋ፣ የድሮ ቁም ሳጥን፣ የፈረሰ በር ዓመታት የደረቀ እንጨት ነው። ምስማሩን አውልቃችሁ አንዴ ስትልጉት ከውስጥ የሚወጣውን ቀለም ስታዩ ትገረማላችሁ።

ባሕር ዛፍ? ርካሽና ጠንካራ ነው፣ በየቦታውም ይገኛል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣ ዛፍ ስለሆነ ከተማዋን ከቧታል። ነገር ግን ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አጣናውን እንዳለ ለአበባ ማስቀመጫ፣ ለግቢ አግዳሚ ወንበር ተጠቀሙበት። ገበታና መሳቢያ ግን አትሥሩበት።

ቺፑድና ኤምዲኤፍ፣ ከእንጨት ስብርባሪና ብናኝ ተጨምቀው የሚሠሩት ሰሌዳዎች፣ ቀጥና ለስላሳ ስለሆኑ ጀማሪ ይወዳቸዋል። ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አይመለሱም። ጠርዛቸው ላይ የገባ ብሎንም ቶሎ ይላላል። ደረቅ ቦታ ለሚቀመጥ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሆናሉ፤ ለወጥ ቤት አይሆኑም። ከሁለቱ ይልቅ ጥሩ ፕላይውድ ብትገዙ አትጸጸቱም።

እንጨቱ መድረቁን በምን አውቃለሁ?

ይህ ከሁሉም ጥያቄ የሚበልጥ ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው ግን ጥቂት ነው።

ሻጩ «ደረቅ ነው» ይላል። እሱ ደረቅ የሚለው ላዩን ሊሆን ይችላል። መሐሉ እርጥብ ከሆነ፣ የሠራችሁት ገበታ ሳሎን ከገባ በኋላ መድረቁን ይቀጥላል። በሁለት ወር ውስጥ መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ጣውላው እንደ ጀልባ ይጎብጣል።

የማያታልለው መንገድ ሚዛን ነው። ጣውላውን በሻንጣ ሚዛን አንጠልጥላችሁ መዝኑት፤ ትንሽ ከሆነ በወጥ ቤት ሚዛን። ክብደቱን በእርሳስ እላዩ ላይ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ መዝኑ። ከቀነሰ ውሃ እየለቀቀ ነው። በተከታታይ ሳምንታት ክብደቱ ካልተለወጠ ከቤታችሁ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው፤ አሁን መሥራት ትችላላችሁ።

እስከዚያ እንዴት ይቀመጥ? መሬት ላይ አታንጥፉት፣ ግድግዳ ላይም አታስደግፉት። ሦስት ወይም አራት እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ከሥሩ አድርጉ፤ በየንብርብሩ መካከልም እንደዚያው። አየር በሁሉም በኩል ይለፍ። ከላይ ከባድ ነገር ጫኑበት። ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። አዲስ የተሰነጠቀ 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ብቻ ለመድረቅ ዓመት ይፈጅበታል ይባላል። ስለዚህ ጀማሪ አዲስ የተሰነጠቀ አይግዛ። ደረቅ የተባለውንም ቢሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ አሳድሩት።

በክረምት የቤቴ በርና መሳቢያዬ አልዘጋ የሚለው ለምንድን ነው?

እንጨት ከሞተም በኋላ እርጥበት ይስባል። ሐምሌና ነሐሴ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። የሚያብጠው ግን በስፋቱ ነው እንጂ በርዝመቱ አይደለም ማለት ይቻላል። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ብዙ ስሕተት ይቀርላችኋል። ሰፊ ገበታ ስትሠሩ ዙሪያውን በኮላና በብሎን ጥርቅም አድርጋችሁ አትሰሩት፤ መንቀሳቀሻ ሲያጣ ራሱን ይሰነጥቃል። ከሥር የሚይዘውን ብሎን ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ትንሽ ሞላላ አድርጉለት። መሳቢያ በበጋ የምትሠሩ ከሆነም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ።

ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ንጣፍ) በነጻ አገኘሁ። ልጠቀምበት?

ማኅተሙን አንብቡ። በዓለም አቀፍ ንግድ የሚዘዋወር የእንጨት ፓሌት ነፍሳት እንዳያዛምት መታከም አለበት፤ በምን እንደታከመም ጎኑ ላይ ይታተማል። ኤች ቲ (HT) የሚሉት የላቲን ፊደሎች ካሉ በሙቀት ታክሟል ማለት ነው፤ የእንጨቱ መሐል ቢያንስ ለ30 ደቂቃ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። ይህ ጥሩ ነው። ኤም ቢ (MB) ካለ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ታጥኗል፤ ቤት አታስገቡት። ማኅተም የሌለው፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት፣ የሚሸትም ይቅር። ማኅተሙ ጥሩ ቢሆንም ምግብ ለሚነካ ዕቃ አልመክርም።

ምስማሩን በመዶሻ ለመንቀል ስትታገሉ ጣውላው ይሰበራል። በጣውላውና በወፍራሙ እንጨት መካከል የብረት መጋዝ አስገብታችሁ ምስማሩን ቁረጡት። ያደክማል፣ ጣውላው ግን ይተርፋል።

ማዕዘኑ ልክ አልመጣ አለኝ።

መጀመሪያ ስኳድራችሁን ፈትሹት። ቀጥ ያለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ መስመር አስምሩ። ስኳድራውን ገልብጣችሁ በዚያው ነጥብ እንደገና አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተገጣጠሙ ስኳድራው ልክ ነው። ከተለያዩ ችግሩ የናንተ አልነበረም።

ትልቅ ነገር ላይ ግንበኞች የሚያደርጉትን አድርጉ። ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 30፣ በሌላው ጎን 40 ሳ.ሜ. ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 50 ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። የተገጣጠመ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ሰያፎች ለኩ። እኩል ካልሆኑ ኮላው ሳይደርቅ ረዘም ባለው ሰያፍ በኩል ግፉት።

ሌላው ምክንያት መጋዙ ነው። መጋዝ ራሱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ይበላል። በአንድ ጣውላ ላይ ሁሉንም ቁርጥ በአንዴ ምልክት አድርጋችሁ ከቆረጣችሁ ሁሉም ያጥራሉ። አንዱን ለኩ፣ ቁረጡ፤ ቀጣዩን ለኩ፣ ቁረጡ። መጋዙም ከመስመሩ በሚጣለው በኩል ይሂድ። እኩል ለሚሆኑ ቁርጦች ደግሞ ሜትሩን አስቀምጡና የመጀመሪያውን ቁራጭ መለኪያ አድርጉት። ሁሌም ያንኑ የመጀመሪያውን፤ ከቁራጭ ቁራጭ እየቀያየራችሁ ከለካችሁ ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ብሎን ሳስገባ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

አስቀድማችሁ ብሱት። ለ4 ሚ.ሜ. ብሎን በታችኛው እንጨት 2.5 ሚ.ሜ. ቀዳዳ፣ ጠንካራ እንጨት ከሆነ 3 ሚ.ሜ.፤ በላይኛው እንጨት ግን 4 ሚ.ሜ. ብሎኑ ላይኛውን ዝም ብሎ አልፎ ታችኛውን ሲነክስ ነው ሁለቱን አጥብቆ የሚያቀራርበው። ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ 2 ሳ.ሜ. ግቡ። የብሎኑን ጥርስ በሻማ ወይም በደረቅ ሳሙና ብታሹት ሳይንቋቋ ይገባል። ርዝመቱን ስትመርጡ ሁለት ሦስተኛው ታችኛው እንጨት ውስጥ የሚገባ ይሁን።

ኮላ ብቻውን ይይዛል? ክላምፕ (እንጨት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) የለኝም።

ነጩ የእንጨት ኮላ ጅማቱ (በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው መስመር) ጎን ለጎን በሆነ መገጣጠሚያ ላይ ከእንጨቱ ከራሱ ይጠነክራል። ጣውላው የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ግን ኮላው ይጠጣና ይደክማል፤ እዚያ ብሎን ጨምሩ።

ክላምፕ ከሌለ ከመነዳሪ ፈልጉ። ጎሚስታ ቤት የተጣለ ከመነዳሪ አይጠፋም። እንደ ቀበቶ በረጅሙ ቁረጡትና ወጥራችሁ ጠምጥሙት። ክብ ወይም ያልተስተካከለ ነገር ላይ ከክላምፕም ይሻላል። ለሰፊ ገበታ ገመድ ዙሪያውን አስራችሁ በዱላ ጠምዝዙት። አንድ ሰዓት ያህል ታስሮ ይቆይ፤ ክብደት ከመጫናችሁ በፊት ግን 24 ሰዓት ጠብቁ። የተረፈውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ጥረጉ። ከደረቀ ቫርኒሹ እዚያ ላይ አይጠጣም፣ ነጣ ያለ እድፍ ሆኖ ይቀራል።

የብርጭቆ ወረቀት የትኛው ቁጥር?

80፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 180። ወረቀቱን በቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በጅማቱ አቅጣጫ እሹ። አቋርጣችሁ ካሻችሁ ጭረቱ ቫርኒሽ ሲነካው ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። በመካከል ያለውን ቁጥር አትዝለሉ።

ጭንብል አድርጉ። ይህን እንደ ተራ ምክር አትቁጠሩት። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ጭንብል ከምንም ይሻላል፤ ለብናኝ የተሠራው ግን ይበልጣል። ኤምዲኤፍ የምትቆርጡ ከሆነ ውጭ ቁረጡ።

ምን ልቀባው?

ቫርኒሽ ለአብዛኛው ነገር ይሆናል። የመጀመሪያውን ዙር በአኳራጅ ወይም ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ማቅጠኛ ትንሽ አቅጥኑት፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሲደርቅ እንጨቱ ይሻክራል፤ በ220 የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ እሹት። ብናኙን ጠርጋችሁ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ቀቡ። ሦስት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ዙር ይሻላል። በክረምት መድረቁ ስለሚዘገይ አትቸኩሉ። መስኮት ክፈቱ፤ በዚያው ክፍል ውስጥም ከሰል አይቀጣጠል፣ ዕጣንም አይጨስ።

የተልባ ዘይትም ውብ መልክ ይሰጣል፤ ጥሬው ግን ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅበታል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ሲጣል ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ያለ ክብሪት እሳት ሊነሳበት ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ በጭራሽ።

የሽንኩርት መክተፊያ ብሠራስ?

ሥሩ፤ ጥሩ ስጦታ ነው። ጅማቱ የታመቀ ጠንካራ እንጨት፣ ለምሳሌ ወይራ ካገኛችሁ ግሩም ነው። አንድ ወጥ ጣውላ ይሁን፣ ኮላ እንዳያስፈልገው። ቫርኒሽ አትቀቡት፤ በቢላዋ እየተፋቀ ምግብ ውስጥ ይገባል። ከፋርማሲ የሚገዛ የሚጠጣ ፓራፊን ዘይት አሙቃችሁ ንጹሕ ሰም አቅልጡበት፤ አራት እጅ ዘይት፣ አንድ እጅ ሰም። በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ። የምግብ ዘይት አልመክርም፤ ውሎ ሲያድር ይጣበቃል ወይም ይሸታል።

መደርደሪያውን ግድግዳ ላይ እንዴት ልስቀል?

ግድግዳው ይወስነዋል። ብሎኬት መሐሉ ባዶ ስለሆነ ምስማር አይዝም። በድሪል በስታችሁ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ ቱቦ) አስገቡና ብሎኑን እሱ ውስጥ አጥብቁ። ለከባድ ዕቃ ኮንክሪት ዓምድ ወይም ቢም ካለ እዚያ ላይ ያዙ። የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጉ ምንም አይሸከምም፤ ውስጡ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጉ። ግድግዳውን በጣት እያንኳኳችሁ ስትሄዱ ድምፁ ሲለወጥ ትደርሱበታላችሁ። ቀጥ ማለቱን በዓይን አትመኑ፤ ውሃ ልክ ተጠቀሙ።

2 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ መጽሐፍ ከተሸከመ በ80 ሳ.ሜ. ርቀት ድጋፍ ይፈልጋል። ቺፑድ ከሆነ በ60። ከዚያ በላይ ከዘረጋችሁት ይረግባል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት አይረበሽም?

ይረበሻል። ረጅሙንና ከባዱን ቁርጥ እንጨት ሥራ ቤት አስቆርጡ። ልካችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፤ በማሽን ቆርጠው እንዲላጉላችሁም ጠይቁ። ክፍያው ያን ያህል አይደለም፤ የምታተርፉት ጉልበትና ሰላም ብዙ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀረው መብሳት፣ ማሰርና ማለስለስ ይሆናል። እሱንም ቀን ላይ ሥሩ፤ ከታች ላሉት ጎረቤቶች አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከእንጨቱ ሥር ወፍራም ምንጣፍ መደረብ ድምፁን ይቀንሳል።

ግራይንደር ላይ የእንጨት መቁረጫ ገጥሜ ብሠራስ?

አይሆንም። ብዙ ሰው ሲያደርገው ታያላችሁ፤ ጣታቸውን ያጡበትም አሉ። ግራይንደር በደቂቃ 10,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ለእንጨት መጋዝ የሚያስፈልገው መከላከያ የለውም። ጥርስ ያለው ዲስክ እንጨቱ ውስጥ ሲነክስ መሣሪያው ከእጅ ተስፈንጥሮ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል። የእጅ መጋዝ ቀርፋፋ ነው፤ ይሁን። ማሽን ከፈለጋችሁ ጂግሶ የሚባለውን ትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ ግዙ።

ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተፈታ ጸጉርና ነጠላ ጫማም ከድሪል ጋር አይሄዱም።

ልጆች ማገዝ ይችላሉ?

በደንብ። ማለስለስ፣ መለካት፣ ኮላ መቀባትና ካቻቪቴ ማዞር ይወዳሉ። አምስት ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ለስላሳ እንጨት ላይ ምስማር መምታት ይችላል፤ ምስማሩን በጣቱ ሳይሆን በልብስ መቆንጠጫ ይያዝ። መጋዝና ድሪል ለትላልቆቹ፣ እናንተ አጠገብ እያላችሁ።

የምኖረው ውጭ አገር ነው፤ ምክሩ ይሠራልኛል?

ይሠራል፤ ሁለት ልዩነት አለ። አሜሪካ ከሆናችሁ 2 በ4 የሚባለው እንጨት እውነተኛ ልኩ 1.5 በ3.5 ኢንች፣ ማለትም 38 በ89 ሚ.ሜ. ነው። በስሙ አስልታችሁ ከቆረጣችሁ ምንም ነገር አይገጥምም። ሆም ዲፖና ሎውስ የገዛችሁትን ጣውላ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆርጡላችኋል፤ አፓርታማ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ ኤሲ ቤቱን ያደርቀዋል፤ ከመሥራታችሁ በፊት እንጨቱን ቤት ውስጥ ማሳደር የበለጠ አስፈላጊ ነው።

የሠራሁት በርጩማ ይወዛወዛል። እንዴት ላስተካክለው?

ሦስት እግር ያለው አይወዛወዝም፤ ወለሉ ምንም ያህል ቢጎረብጥ ሦስት ነጥብ ሁሌም ይቆማል። አራት እግር ከሆነ ግን አንዱን እግር እየቀነሳችሁ አትሞክሩ፤ በርጩማው እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይስተካከልም።

ጠፍጣፋነቱን በውሃ ልክ ያረጋገጣችሁት ወለል ወይም ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ከአጫጭር እግሮቹ ሥር የታጠፈ ወረቀት እየጨመራችሁ እንዳይነቃነቅና መቀመጫው በውሃ ልክ ቀጥ እንዲል አድርጉ። ከዚያ 1 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት ወለሉ ላይ አስቀምጡና እርሳሱን በላዩ አጋድማችሁ በአራቱም እግሮች ዙሪያ አስምሩ። ወረቀቱን አንሱና አራቱንም በመስመሩ ቁረጡ። በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ትንሽ ሰብር አድርጉት፤ ሲጎተት እንዳይፈነቀል።